ጥቁር ቀለም በኤልቤ ወንዝ ዳር

አውሮፓዊ ሠዓሊ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ምሥራቅ ቢሄድ፣ የቤተ መቅደሱን ጣሪያና የገበያውን ግርግር ስሎ ቢመለስ ማንንም አይገርምም። ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ወጉ ይኸው ነበር። የሄደው ይስላል፣ የተሄደበት ይሳላል። የእስያም የአፍሪካም ሰው አገሩ ምን እንደምትመስል ከባዕድ ሰው ደብተር ላይ ማየት ለምዶ ኖሯል።

ተገላቢጦሹ ግን ብዙም አይወራለትም። በ1957 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ስመ ጥር ቻይናውያን ሠዓሊዎች፣ በየፊናቸው፣ አውሮፓ ውስጥ የካቴድራል ማማና የቤተ መንግሥት ግንብ ሲስሉ ከረሙ። አንደኛው ሊ ከራን ነው፤ ጓን ሊያንግ ከሚባል ባልደረባው ጋር ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ አራት ወር ቆየ። ሁለተኛው ፉ ባኦሺ ነው፤ የሠዓሊዎች ልዑክ መርቶ በቼኮዝሎቫኪያና በሩማኒያ ሦስት ወር ዞረ። የሁለቱም መሣሪያ አንድ ነው፦ ብሩሽ፣ ውሃ፣ ጥቁር ቀለምና ስስ ወረቀት።

ነገሩ የሥዕል ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ርዝመት መጻፍ ባላስፈለገ። በዚያን ጊዜ ቻይና ውስጥ "ይህ ከአባቶች የወረስነው የጥቁር ቀለም ሥዕል ለዘመኑ ይበቃል ወይስ ሙዚየም ይግባ?" የሚለው ክርክር የሠዓሊን እንጀራ፣ አንዳንዴም ነጻነቱን የሚወስን የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አውሮፓ ላይ ብሩሻቸውን ያነሡት ይህን ጥያቄ ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። የቻይና ጥቁር ቀለም ሸራ ላይ የሚለቀለቅ የዘይት ቀለም አይደለም። የጥድ ጥላሸት ከሙጫ ጋር ይለወሳል፣ በቅርጽ ይደርቃል። ሠዓሊው ያንን ደረቅ ቀለም ድንጋይ ላይ በውሃ እየፈተገ ይበጠብጠዋል። የብራና ጸሐፊ ከጥላሸት ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጅ ያየ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። ወረቀቱ ውሃ ጠጪ ነው። ብሩሹ አንዴ ካረፈ አረፈ፤ መላጲያ የለም፣ የተሳሳተውን በሌላ ቀለም ደርቦ መሸፈን የለም። እጅ ከዘገየ ቀለሙ ይንዠረገጋል፣ ከቸኮለ መስመሩ ይሞታል። ይህን ይዞ ነፋስ በሚነፍስበት የወንዝ ዳር፣ ሕፃናትና አላፊ አግዳሚ ከብበው እያዩ፣ የጎቲክ ካቴድራል ለመሳል መቀመጥ እንግዲህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ከመሣሪያውም ይብሳል። ይህ ጥበብ ለሺህ ዓመት የሠለጠነው ለተራራ ነው። ለአለት፣ ለፏፏቴ፣ ለጥድ ዛፍ፣ ለጭጋግ ለእያንዳንዳቸው የታወቀ የብሩሽ አጣጣል አለው። አንዱ የአለት ገጽ አሣሣል "የተፈታ የቃጫ ክር" ይባላል፣ ሌላው "የመጥረቢያ ምት"። እነዚህን የሚያስተምር መማሪያ መጽሐፍ ከ1679 ጀምሮ በኅትመት ይሸጥ ነበር። ትልቁ ሠዓሊ ቺ ባይሺ እንኳን ገና የገጠር አናጺ ሳለ ሥዕልን የጀመረው ይህን መጽሐፍ ተውሶ እየገለበጠ ነው። ተማሪው ተራራ ሳያይ ተራራ መሳል ይችላል፤ የቀደሙት እንዴት እንደ ሳሉት ካወቀ ይበቃዋል። ከብዙ ትውልድ በኋላ ደግሞ ተራራውን ማየት ጨርሶ የተረሳ መሰለ። የድሮ ጌቶችን ሥራ መገልበጥ የሊቅነት ማረጋገጫ ሆነ።

ለሕንፃስ? ለሕንፃ የተለየ ዘርፍ ነበረ፤ በማስመሪያ የሚሠራ። ጣሪያው፣ ምሰሶው፣ ድልድዩ በማስመሪያ እየተለካ ይሣላል። በሶንግ ዘመን ድንቅ ሥራ ተሠርቶበታል። በኋላ ግን ምሁራኑ ሠዓሊዎች ናቁት። ማስመሪያ የአናጺ ነው፣ የነፍስ እንቅስቃሴ የለበትም ተባለ። ስለዚህ የተማረው ሠዓሊ በሥዕሉ ውስጥ ሕንፃ ካስገባ ከተራራው ሥር የተወሸቀች ጎጆ ወይም በጭጋግ መሐል ብቅ ያለች የቤተ መቅደስ ጣሪያ ነች። ሰባ ሰማንያ ሜትር ሽቅብ የተተኮሰ፣ በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ፣ ሺህ መስኮት ያለው የድንጋይ ክምር የሚያስተናግድበት የብሩሽ ቋንቋ አልነበረውም።

የአውሮፓ አደባባይ ደግሞ የራሱ ትዕዛዝ አለው። ከአንድ ቦታ ቆመው እንዲያዩት ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መስመሩ ሁሉ ወደ አንድ ሩቅ ነጥብ ይሰበሰባል። የቻይና ሥዕል ግን ተመልካቹን ያስኬደዋል። ከሸለቆው ይነሣል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ገደሉን ይወጣል፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዐይኑ አሥር ቦታ ይቆማል። በዚያ ላይ ጥላ አለ። የአውሮፓ ሕንፃ ጌጡ የሚታየው ፀሐይ ከጎን ስትመታውና ጥላ ሲጥል ነው። የቻይና ሠዓሊ ደግሞ ጥላን ከቁም ነገር አይቆጥርም ነበር፤ ጥላ ያልፋል፣ ተራራው ይቆያል።

እርግጥ ቻይናዊ ሠዓሊ የአውሮፓን ሕንፃ በዐይኑ እያየ ሲስል 1957 የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት ከተሣሉት ሕንፃዎች አንዳንዶቹ የቆሙት ቤጂንግ አጠገብ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በቤተ መንግሥቱ አገልጋይ በነበረው ጣሊያናዊ ሠዓሊና መነኩሴ ካስቲሊዮኔ ንድፍ፣ በዩዋንሚንግዩዋን የአትክልት ሥፍራ የአውሮፓ ዐይነት ቤተ መንግሥታትና ፏፏቴዎች አሠራ። ከዚያ ዪ ላንታይ የተባለ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ ስሎ በመዳብ ላይ 20 ሥዕሎች ተቀረጹ። ሥዕሎቹ ዛሬም አሉ። ሕንፃዎቹ የሉም፤ በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ሥፍራውን ዘርፎ አቃጠለው። (በዚያ የቻይና ዘመቻ ከእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች አንዱን የመራው ጄኔራል ሮበርት ናፒር ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ መቅደላ የዘመተው ያው ናፒር።) አውሮፓን የሚመስለውን ያፈረሰው አውሮፓ ራሱ መሆኑ ለብዙ ቻይናውያን የማይረሳ ምጸት ነው።

ከዚያ ውርደት በኋላ የመጣው ትውልድ ጥፋቱን በራሱ ውርስ ላይ መፈለግ ጀመረ። በ1918 ቼን ዱሺዩ የሥዕል አብዮት ያስፈልጋል ብሎ ጻፈ፤ የድሮ ጌቶችን መገልበጥ ይብቃ፣ የምዕራቡን እውነታዊ አሣሣል እንውሰድ አለ። ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲን ከመሠረቱት ዋነኛው ሆነ። ስለዚህ በ1949 ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ ጥያቄው አብሮት ገባ። በማዕከላዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ጂያንግ ፌንግ ሐሳቡን አይደብቅም ነበር፦ የጥቁር ቀለም ሥዕል ዛሬን ማሳየት አይችልም፣ ፋብሪካና ሠራተኛ አይሆንለትም፣ ወደፊት ዓለም አቀፍ በሆነ ሥዕል ይተካል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ውርሱ እንዳይነካ፣ ባዕድ እንዳይቀላቀልበት ይፈልጉ ነበር።

ሊ ከራን በሁለቱም ወገን የሚመች ሰው አልነበረም። በ1907 ሹጆው በምትባል ከተማ ፊደል ካልቆጠሩ ወላጆች ተወለደ። በሃንግጆው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የፓሪስ ተመላሽ ከሆነው ሊን ፌንግሚያን ሥር የምዕራብ ሥዕል ተማረ። በጃፓን ወረራ ጊዜ ግድግዳ ላይ የጦርነት ቅስቀሳ ሥዕል ሲሥል ኖረ። ከዚያ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የአካዳሚ መምህር ሆኖ ሳለ፣ ተመልሶ ተማሪ ሆነ፤ ወደ ቺ ባይሺና ወደ ኋንግ ቢንሆንግ ሄዶ ደቀ መዝሙር ይሁን አለ። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፣ የድሮውን መንገድ እስከ አጥንቱ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ከቺ ባይሺ መስመርን ቀስ ብሎ፣ እንደ ጽሕፈት እያሰቡ መሳብን ወሰደ። ከኋንግ ቢንሆንግ ጥቁር ላይ ጥቁር መደረብን፣ ቀለሙ እየደረቀ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም፣ ደግሞ ሌላ።

በ1950 የቻይና ሥዕል ስለሚለወጥበት መንገድ ጽሑፍ አሳተመ። መፍትሔው ከወረቀት ክርክር ይልቅ ወጥቶ ማየት ነው የሚል ነው። በ1954 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ደቡብ ወጥቶ ተራራውንና መንደሩን በቦታው ተቀምጦ ሣለ፤ ሲመለሱ ቤጂንግ ውስጥ ቤይሃይ መናፈሻ ላይ ኤግዚቢሽን አሳዩ። ለዚያ ጉዞ ሁለት ማኅተም አስቀርጾ ነበር። በአንደኛው "ውዱ ነገር ድፍረት ነው" ይላል፣ በሁለተኛው "የሚፈለገው ነፍስ ነው"። በ1956 ደግሞ ብዙ ወራት የፈጀ ሌላ ጉዞ አደረገ። ስለዚህ ጀርመን ሲደርስ በራሱ አገር ተራራ ላይ ዐይኑን ያሠለጠነ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው።

ድሬዝደን የደረሰበት ጊዜ ከተማዋ በአየር ድብደባ ከጋየች 12 ዓመቷ ነው። በየካቲት 1945 እስከ 25 ሺህ ሰው ያለቀባት ከተማ። የፍራወንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን መሐል ከተማ ላይ የድንጋይ ክምር ሆኖ ነበር፤ ተመልሶ የተሠራው ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ነው፣ በ2005። ዝዊንገር የሚባለው ቤተ መንግሥት ገና እየተጠገነ ነው። በኤልቤ ዳር የቀሩት ማማዎች በእሳት የጠቆሩ ናቸው፤ ድንጋዩ ራሱ ዕድሜ ሲበዛበት የሚጠቁር የአሸዋ ድንጋይ ነው። የጥቁር ቀለም ሠዓሊ የፊቱን ቀለም ፍለጋ ሩቅ አልሄደም።

ሊ ከራን እዚህ ከሠራቸው ሁሉ የታወቀው የድሬዝደን ምሽት ነው። ሰዓቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቀትር አይደለም፤ ምሽት ነው። በቀትር ፀሐይ ቅርጻ ቅርጹ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሠዓሊውም ያንን አንድ በአንድ ሲቆጥር የአናጺ ማስመሪያ ውስጥ ይገባል። ሲመሽ ግን ብርሃኑ ከሕንፃው ጀርባ ይሆናል። ዝርዝሩ ይሰወራል፣ ክብደቱ ይቀራል። ሕንፃው ተራራ ይሆናል። ለተራራ ደግሞ ኋንግ ቢንሆንግ ያስተማረው ድርብርብ ጥቁር አለ። በጥቁሩ መሐል ሳይነኩ የተተዉት ጥቂት ነጭ የወረቀት ቦታዎች የብርሃኑን ሥራ ይሠራሉ። ለነጭ ቀለም አያስፈልግም፤ ወረቀቱን መተው ብቻ ነው።

ሬምብራንትን አጥብቆ ይወድ እንደነበር የታወቀ ነው። በሶቪየት ኅብረት እጅ የነበረው የድሬዝደን የሥዕል ስብስብ፣ የሬምብራንት ሥራዎች ጭምር፣ ተመልሶ ቤተ ሥዕሉ የተከፈተው በ1956 ማለትም ከሊ ከራን መምጣት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ይሁንና "ጨለማን ከሬምብራንት ተማረ" ብሎ መደምደም ለአውሮፓ ብዙ መስጠት ነው። ጨለማው ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው፣ ከቻይናዊ ሽማግሌ የተማረው። ጀርመን የሰጠችው ሌላ ነገር ነው፦ ያ ጨለማ ከባዕድ ድንጋይ ጋር ሲጋፈጥ ይቆማል ወይስ ይወድቃል የሚለውን መፈተኛ።

ከድሬዝደን ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በዚያው በኤልቤ ዳር፣ ማይሰን አለች። ሊ ከራን የዚያችንም ካቴድራል ሣለ። ሁለት ሹል ማማ ያለው የጎቲክ ሕንፃ ነው፣ በአለት ኮረብታ ላይ፣ ከጎኑ አልብሬሽትስቡርግ የሚባል ቤተ መንግሥት። እዚህ ላይ ታሪክ የራሷን ቀልድ ትቀልዳለች። አውሮፓ የቻይናን ሸክላ፣ ያንን ነጭና ብርሃን አስተላላፊ ፖርሴሊን፣ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ መቶ ዓመታት ወርቅ ሲከፍልበት ኖሯል። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ ኃያሉ ለዚህ ሸክላ ዐይኑ የታወረ ሰው ነበር። በ1717 ለፕራሻ ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የቻይና ሸክላ ዕቃ ወስዷል። ወታደር በማሰሮ! ወርቅ እሠራለሁ ብሎ የተያዘ ብጥገር የሚባል ወጣት በቁም እስር ሆኖ ሲሞክር ሲሞክር በመጨረሻ የሸክላውን ምሥጢር ደረሰበት፤ በ1710 ፋብሪካው ተከፈተ። የት? ማይሰን ኮረብታ ላይ፣ ካቴድራሉ ጎን ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ። ከ150 ዓመት በላይ እዚያው ቆየ፣ ምሥጢሩም እንዳይወጣ ይጠበቅ ነበር።

እንግዲህ በ1957 አንድ ቻይናዊ ወረቀቱን ዘርግቶ የተመለከታት ኮረብታ ይህች ናት። አውሮፓ ቻይናን ለመኮረጅ እንቅልፍ ያጣባት ኮረብታ። ቻይና ውስጥ በዚያው ወቅት "ከአውሮፓ ካልተማርን ሥዕላችን ያልፍበታል" የሚሉት ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት ኖሮ የኮራጅነት ሐፍረቱ ትንሽ በቀለላቸው። መማማሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሄዶ አያውቅም። ቫይማር ላይ ደግሞ ሊ ከራን ጎተ ይጽፍበት የነበረውን ትንሽ ቤት ሣለ፤ በዛፍ የተዋጠች ቤት ስለሆነች ለቻይና ብሩሽ እንደ ዘመድ ቤት ናት። የተማረ ሰው በዛፍ መሐል ተደብቆ የሚያነብባት ጎጆ በድሮው የቻይና ሥዕል የማትጠፋ ናት። አስቸጋሪው ማይሰንና ድሬዝደን ነበሩ፣ ደህናውም ሥራ የተሠራው እዚያ ነው።

ፉ ባኦሺ ሌላ ዐይነት ሰው ነው። በ1904 ተወልዶ፣ በ1930ዎቹ ጃፓን ተምሮ፣ የሥዕል ታሪክ ምሁር የሆነ። ብሩሹን ዘርግፎ፣ ጠጉሩን በትኖ፣ አንዳንዴ እንደ ነፋስ እያሽከረከረ ይስላል። መጠጥ ይወድ ነበር፤ ጥሩ የመሰለው ሥራ ላይ "ብዙ ጊዜ ከስካር በኋላ" የሚል ማኅተም ይመታበታል። ሊ ከራን ሥራውን እዚያው በቦታው ተቀምጦ ለመጨረስ ሲታገል፣ ፉ ባኦሺ በእርሳስ ፈጣን ንድፍ ይይዛል፣ ያያል፣ ይዞራል፣ ሥዕሉን በኋላ ከንድፉና ከትዝታው ይሠራዋል። የፕራግን ቤተ መንግሥት፣ የስሞሌኒሰን ግንብ፣ የታትራን ተራሮች፣ ሩማኒያ ውስጥ ወደ ሲናያ የሚወስደውን መንገድ ሣለ። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ አገሮች ሥዕሎች በመጽሐፍ ታተሙ።

ፕራግ ለፉ ባኦሺ የተሰጠች ከተማ ትመስላለች። ቤተ መንግሥቷ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከሥሩ የጣሪያ ባሕር፣ ከዚያ ወንዝ። ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ነገር ነው፤ የቻይና የመልክዓ ምድር ሥዕልም እንደዚያው ነው የሚነበበው። ችግሩ ሲቀርብ ይጀምራል። ፉ ባኦሺ ከሩቅ ባያቸው ሥራዎች ውስጥ ሕንፃው ከዛፉና ከጭጋጉ ጋር ይዋሐዳል፣ ብሩሹም ነጻ ነው። ሕንፃው ገዝፎ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን መስመሩ ይጠነቀቃል፤ መስኮት መቁጠር ይመጣል። የፖስታ ካርድ ሽታ የሚሸቱ ሥራዎችም አሉ። ይህ ስም ማጥፋት አይደለም። ታላቅ ሠዓሊ ባዕድ ነገር ፊት ሲንተባተብ ማየት ከተሳካለት ሥራው ይበልጥ ያስተምራል፤ ውርሱ የት ድረስ እንደሚደርስ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ከሁለቱ በፊት ነገሩን በሌላ መንገድ የሞከረ ሰው ነበር። ቺያንግ ዪ ይባላል። አገሩ ውስጥ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበር፤ በ1933 ሥልጣኑንም ቤተሰቡንም ትቶ ለንደን ገባ። "ዝምተኛው መንገደኛ" በሚል ስም ስለ እንግሊዝ ሐይቆች፣ ስለ ለንደን፣ ስለ ኦክስፎርድ፣ ስለ ኤዲንብራ በራሱ የጥቁር ቀለም ሥዕሎች የታጀቡ መጻሕፍት ጻፈ፤ በጣምም ተወደዱለት። በ1940 የጀርመን ቦምብ የለንደን ቤቱን አሳጣው፣ ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። አገሩን ተመልሶ ያየው ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው። ቺያንግ ዪ የተረዳው አንድ ነገር አለ፦ እንግሊዝ ጭጋግ አላት፣ የቻይና ቀለም ደግሞ ጭጋግን እንደ እናቱ ያውቀዋል። የለንደን ድልድይና ማማ ግማሹ በጭጋግ ሲዋጥ ሥዕሉ በራሱ ቻይናዊ ይሆናል። ቆንጆ ነው፣ ልብ ይነካል፣ ስደተኛ ባዕድ አገር ውስጥ አገሩን ሲፈልግ ያሳያል። ነገር ግን ድንጋዩን አልተጋፈጠውም። ሊ ከራን የተጋፈጠው ነገር ይህ ነው፤ ለዚህም ሥራው ከቺያንግ ዪ ይከብዳል።

ሁለቱ የ1957 ሠዓሊዎች ነጻ መንገደኞች አልነበሩም፤ ይህም መነገር አለበት። የተላኩት በመንግሥታቸው ነው፣ የተቀበሏቸው ወዳጅ የሶሻሊስት መንግሥታት ናቸው። ፓሪስ ወይም ሮም መሄድ አይታሰብም። የቡድኑ አገሮች "ወንድማማችነት" ማሳያ ናቸው። ይህም በር ብዙ አልቆየም፤ ጥቂት ዓመት ሳይሄድ ቤጂንግና ሞስኮ ተጣሉ።

የከፋው ግን አገራቸው ውስጥ የሆነው ነው። እነሱ ማማ ሲቆጥሩ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ቤጂንግ ውስጥ ፀረ ቀኝ ዘመቻ ተጀመረ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው "ቀኝ ክንፈኛ" የሚል ታርጋ ተለጠፈበት። መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ መሐንዲስ፣ ሠዓሊ። የደርግን ዘመን "አድኃሪ" የሚለውን ቃል ክብደት የሚያስታውስ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሠዓሊዎቹ ዋነኛው ተመቺ ማን ሆነ? ያው ጂያንግ ፌንግ፤ የጥቁር ቀለም ሥዕል ያልፍበታል ያለው። የብሔራዊውን ውርስ ንቀሃል ተባለ። ከዚያ ውርሱን ሲከላከሉ የነበሩ የድሮው መንገድ ሠዓሊዎችም አብረው ተመቱ። ሹ ያንሱንና ዋንግ ሹዌታኦ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አንደኛው ውርሱን ስለናቀ፣ ሌላው ስለወደደ። ክርክሩ በሐሳብ አላለቀም፤ ተከራካሪዎቹን በሙሉ በመድፈቅ ነው የቆመው። ጂያንግ ፌንግ ስሙ የታደሰለት ከ22 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ቺ ባይሺም ሞተ።

ሊ ከራን ከጀርመን ሲመለስ የሣለው የአውሮፓን ሕንፃ መሆኑ ቀረ፣ ያገኘው ጨለማ ግን ቀጠለ። የራሱን አገር ተራራ እንደ ድሬዝደን ማማ ብርሃኑን ከኋላው አድርጎ ይሥል ጀመር፦ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቀጭን ብርሃን ያለው። ዘሩ ከ1954 ጀምሮ የተዘራ ነው፣ ሁሉንም ለጀርመን መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ከ1957 በፊትና በኋላ ያሉትን ጎን ለጎን ያየ ሰው ተራራዎቹ ምን ያህል እንደ ሕንፃ እንደ ቆሙ ያያል። ከ1962 እስከ 1964 "ተራሮች ሁሉ ቀሉ" የሚለውን ርዕስ ሰባት ጊዜ ሣለው። ቀይ ነው፣ ግን ከቀዩ ሥር ያ ድርብርብ ጥቁር አለ።

ያ ጥቁር በኋላ ክስ ሆነ። በባህል አብዮት ጊዜ መሥራት ተከለከለ፣ ወደ ገጠር የጉልበት ሥራ ተላከ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ለውጭ እንግዶች የሚከፈቱ ሆቴሎች ሥዕል ይፈልጋሉ ብሎ ሠዓሊዎችን ሲያስጠራ እሱም ተመለሰ። ወዲያው ደግሞ የዡ ተቃዋሚዎች እነዚያኑ ሥዕሎች መምቻ አደረጓቸው፤ በ1974 ቤጂንግ ውስጥ "ጥቁር ሥዕሎች" የሚል ኤግዚቢሽን ተከፈተ፣ ሕዝቡ አይቶ እንዲያወግዝ። የሊ ከራን ተራሮች እዚያ ተሰቀሉ። የሶሻሊስት አገር ተራራ ስለምን ይጠቁራል? ጥያቄው ይህ ነበር። ሥዕሉን ያላየ ካድሬ ጠያቂ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው ተጠያቂ።

ፉ ባኦሺ ያንን አላየም፣ በ1965 ሞቷል። ከመሞቱ በፊት በ1960 የጂያንግሱ ሠዓሊዎችን አስከትሎ በስድስት ክፍለ ሀገሮች ሦስት ወር የፈጀ የሥዕል ጉዞ መርቷል፤ አውሮፓ ላይ በባዕድ ነገር የተፈተነው እጁ በራሱ አገር ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ላይ ተሞከረ። ከ"ተራሮች ሁሉ ቀሉ" ሰባቱ አንዱ በ2012 ቤጂንግ በጨረታ 293 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጧል። ጥቁር ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሊ ከራን በ1989 ሞተ፣ 82 ዓመቱ ነበር። በእርጅናው ዘመን ሥዕሎቹ ላይ የሚመታቸው አዳዲስ ማኅተሞች ነበሩት። ከነዚህ በአንዱ ላይ "ሸበቶው ተማሪ" የሚል ተቀርጾበታል። በሌላው ደግሞ አላዋቂ መሆኑን ማወቅ የጀመረው በሰባ ዓመቱ እንደ ሆነ ይናገራል።